ከማሳ የተነሣ አማና



በየባንኩና በየመሥሪያ ቤቱ በር ላይ የቆመ ፈታሽ በሰውነታችን ዙሪያ የሚያዞረውን፣ ቁልፍ ወይም ሳንቲም ሲያገኝ የሚጮኸውን መሣሪያ የማያውቅ የለም። ይኸው መሣሪያ ረዥም ዘንግ ተበጅቶለት፣ ከዘንጉ ጫፍ ላይም ሰሐን የሚመስል ክብ ነገር ተገጥሞለት፣ መሬት ውስጥ የተቀበረ ብረት፣ መዳብ፣ ብርና ወርቅ ለመፈለግ ያገለግላል። በአገራችን ወጣቶች ዘንድ ስሙ የሚነሣው ከወርቅ ፍለጋ ጋር ነው፤ አንዳንዴም «ጣሊያን ቀብሮት የሄደ ሀብት» ከሚባለው ማለቂያ የሌለው ወሬ ጋር ይያያዛል። በቅርቡ አንድ ተማሪዬ ከትምህርት በኋላ ቀርቦ «ኡስታዝ፣ ይህን መሣሪያ ገዝቼ ከመሬት አንድ ነገር ባወጣ የኔ ነው ወይስ አይደለም?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው አጭር ቢሆንም በአንድ ቃል የሚመለስ አይደለም። ይህን መሣሪያ ይዘው፣ በክበብ ተደራጅተውና ደንብ አውጥተው ለብዙ ዓመታት የሠሩበት ሕዝቦች አሉና በቅድሚያ የነሱን ልምድ እንመልከት። እንግሊዞችን ማለቴ ነው። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. ከተባለበት በስተቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እሑድ ጠዋት በማሳ ላይ

በእንግሊዝ ገጠር ስንዴው ታጭዶ ከተነሣበት ጊዜ አንሥቶ እንደገና እስኪዘራ ድረስ ማሳው ባዶ ይሆናል። የክበቡ አባላት የሚጠብቁት ይህን ወቅት ነው። እሑድ ጠዋት መኪኖቻቸውን ከማሳው ዳር ያቆሙና ይሰበሰባሉ። የክበቡ ኃላፊ ባለ መሬቱ እንደፈቀደ ይነግራቸዋል፤ የትኛው ማሳ እንደተፈቀደና የትኛው እንዳልተፈቀደ ያሳያቸዋል። የከፈቱትን በር እንዲዘጉ፣ በጎቹን እንዳያስደነግጡ፣ የቆፈሩትን ጉድጓድ እንዲደፍኑ ያስጠነቅቃቸዋል። ሣር ባለበት ቦታ ሣሩን እንደ ክዳን በሦስት ወገን ቆርጠው ያነሡታል፤ ሲጨርሱም መልሰው በእግራቸው ይረግጡታል። ገበሬው በማግሥቱ ወጥቶ ሲያይ ሰው የነካው መሬት መምሰል የለበትም። አንድ ጉድጓድ ሳይደፈን ቢቀርና ላም ወይም ፈረስ እግሩን ቢሰብርበት፣ ፈቃዱን የሚያጣው ያ አንድ ሰው ብቻ ሳይሆን ክበቡ በሙሉ ነው። በመሆኑም አንዱ የሌላውን ጉድጓድ ይመለከታል፤ ሳይደፍን የሄደ ካለም ተጠርቶ ይመለሳል።

ከዚያም ማዳመጫቸውን በጆሯቸው አድርገው ይበታተናሉ። መሣሪያውን ከመሬት ከፍ አድርገው ወዲያና ወዲህ እያወዛወዙ በዝግታ ይራመዳሉ። ሰሐኑ ውስጥ ያለው የሽቦ ጥቅል መግነጢሳዊ ኃይል ወደ መሬት ይልካል፤ በአፈሩ ውስጥ ብረታ ብረት ካለ የኤሌክትሪክ ጅረት ይፈጠርበትና መልሶ ይታወቃል፤ መሣሪያውም ይጮኻል። የለመደ ጆሮ የሚስማርን ድምፅ ከብር ድምፅ ለይቶ ያውቃል ይባላል። ያም ሆኖ ከአፈሩ የሚወጣው አብዛኛው ነገር የጠርሙስ ቆርኪ፣ የለስላሳ ቆርቆሮ ቀለበት፣ የጥይት ቀለህ፣ የዛገ ሚስማርና የኮት ቁልፍ ነው። ሙሉ ቀን ዞሮ አንድ የእርሳስ ቁራጭ ይዞ የሚመለስ ሰው ጥቂት አይደለም። ባለጸጋ ለመሆን የወጣ ሰው ከዚህ ክበብ ውስጥ አንድ ክረምት እንኳ አይቆይም።

ታዲያ የሚቆዩት ለምንድነው? በእኩለ ቀን ሻይ በያዘው ፔርሙዝ ዙሪያ ሲሰበሰቡ መልሱ ይገኛል። እያንዳንዱ መዳፉን ከፍቶ ያገኘውን ያሳያል፤ ወጣቱ «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ ዕድሜ ጠገቡ አባል ወደ ብርሃን አዙሮ ይመለከትና የሮማውያን ሳንቲም መሆኑን ወይም የትናንት የበር እጀታ ስባሪ መሆኑን ይነግረዋል። ጡረታ የወጣ መምህር፣ የጭነት መኪና ሾፌር፣ ሚስቱ የሞተችበት ሽማግሌ፣ ልጁን ይዞ የመጣ አባት አንድ ላይ ይቆማሉ። በሥራቸውም ሆነ በኑሯቸው የማይገናኙ ሰዎች ናቸው። ብዙ መናገር የማይወድ ሰው ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ ሳይናገር የሚውልበት ስፍራ ማግኘቱ ቀላል ነገር አይደለም። ከዚህም በላይ የጋብቻ ቀለበቱ ከማሳ ወይም ከአትክልት ስፍራ የጠፋበት ሰው ሲጠራቸው ክበቦቹ በነፃ ሄደው ይፈልጉለታል። ብዙዎቹ አባላት ከጥንት ሳንቲም ይልቅ ደስ ያላቸው አንዲት እናት ቀለበቷን መልሳ ጣቷ ላይ ስታደርግ ባዩበት ቀን እንደሆነ ይናገራሉ።

በወር አንድ ጊዜ ደግሞ ማታ ስብሰባ አላቸው። የወሩ ግኝቶች በጠረጴዛ ላይ ተደርድረው አባላቱ የወሩን ምርጥ ግኝት በድምፅ ይመርጣሉ። የቅርስ ባለሙያ መጥቶ ዕቃዎቹን ይመረምራል፤ ደረሰኝ ሰጥቶ ወስዶ ይመዘግባል፤ ኋላም ለባለቤቱ ይመልሳል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም። ከነዚህ ስብሰባዎች ብዙዎቹ የሚካሄዱት በመጠጥ ቤት ጓዳ ውስጥ ነው፤ ገንዘብ የሚሰበስቡትም በዕጣ ነው። በዚያ አገር የሚኖር ሙስሊም ወጣት አባል ልሁን ቢል ስብሰባውን በመንደር አዳራሽ የሚያደርግ ክበብ መምረጥና ከዕጣው መራቅ ይኖርበታል። እንዲህ ያሉ ክበቦችም አሉ።

ጠብ የነበረበት ዘመን

እነዚህ ሰዎችና የአርኪዮሎጂ ምሁራኑ ሁልጊዜ ተስማምተው አልኖሩም። በ1970ዎቹ መሣሪያው ርካሽ ሆኖ ሲስፋፋ ምሁራኑ ፈላጊዎቹን ሌባ ናቸው ብለው በ1980 ዘመቻ ከፈቱባቸው። ፈላጊዎቹ በበኩላቸው በ1981 አገር አቀፍ ምክር ቤት አቋቋሙ። ጠቡን ያበረደው በ1996 የወጣው የውድ ቅርሶች ሕግና በ1997 የተጀመረው የምዝገባ ሥርዓት ነው። በሕጉ መሠረት ከ300 ዓመት በላይ ያስቆጠረ የወርቅ ወይም የብር ዕቃ፣ እንዲሁም በአንድነት የተገኙ ሁለትና ከዚያ በላይ የሆኑ ጥንታዊ የወርቅ ወይም የብር ሳንቲሞች ያገኘ ሰው በ14 ቀን ውስጥ ማሳወቅ ግዴታው ነው። ሙዚየም ከፈለገው ዋጋው በባለሙያ ኮሚቴ ይገመታል፤ ገንዘቡም እንደ ልማዱ ለአግኚውና ለባለ መሬቱ እኩል ይከፈላል። በሕግ የማይገደዱበትን ተራ ነገርም፣ ቁልፉንም መርፌውንም፣ አባላቱ በፈቃዳቸው ያስመዘግባሉ። ዛሬ የተመዘገበው ዕቃ ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ሆኗል፤ መዝገቡም ለማንም ክፍት ነው።

በ2007 አንድ አባትና ልጅ በሰሜን እንግሊዝ ከሃሮጌት ከተማ አቅራቢያ በአንድ ማሳ ላይ በወርቅ የተለበጠ የብር ዕቃ አገኙ። ውስጡ የታጨቀ ነበር። ያንን ዕቃ ይዞ ቤቱ የገባ ሰው ምን ሊያደርግ እንደሚችል እናስብ! እነሱ ግን ውስጡን ሳይበረብሩ ለባለሙያ አስረከቡት። በብሪቲሽ ሙዚየም በጥንቃቄ ሲከፈት 617 የብር ሳንቲሞችና በርካታ ጌጣጌጥ ወጣ። ከሳንቲሞቹም መካከል ከሰመርቀንድ የመጡ፣ የዐረብኛ ጽሑፍ ያለባቸው ዲርሃሞች ተገኙ። ሰመርቀንድ ዛሬ በኡዝቤኪስታን ያለች ከተማ ናት። የሰሜን አውሮፓ ነጋዴዎችና ወራሪዎች በሩሲያ ወንዞች ላይ ወርደው ቆዳና ባሪያ ይሸጡ፣ የሙስሊሞቹን ብር ይቀበሉ ነበርና የላ ኢላሃ ኢለላህ ቃል የተቀረጸበት ብር በ920ዎቹ ገደማ እንግሊዝ ማሳ ውስጥ ተቀበረ። ሙዚየሞቹ በ2009 ለዚህ ግኝት 1,082,000 ፓውንድ ከፈሉ። (በመሣሪያ የተገኘ ባይሆንም ይህን ለሚወዱ ልጨምር፦ የመርሲያው ንጉሥ ኦፋ በ8ኛው ምዕተ ዓመት የኸሊፋ አል መንሱርን የ157 ዓመተ ሒጅራ ዲናር አስመስሎ የወርቅ ሳንቲም አሠርቷል። ቀራጩ ዐረብኛ አያውቅም ነበርና የንጉሡ ስም ከዐረብኛው ጽሑፍ አንጻር ተገልብጦ ይታያል።)

ከሐጅ የተመለሱት መንገደኞች

ከእንግሊዝ ወጥተን ወደ አሜሪካ ብንሻገር ደግሞ ይህን መሣሪያ የያዘ ሰው ያገኘው አንድ ትንሽ ሳንቲም ለኛ ለሙስሊሞች ልብ የሚነካ ታሪክ ይዟል። በ2014 በሮድ አይላንድ ክፍለ ሀገር በሚድልታውን ጂም ቤይሊ የተባለ ፈላጊ ከአንድ የፍራፍሬ እርሻ ውስጥ የዐረብኛ ጽሑፍ ያለበት የብር ሳንቲም አወጣ። ሲመረመር በ1693 በየመን የተመታ ሆኖ ተገኘ። በዚያ ዘመን የየመን ብር አሜሪካ ምን አደረሰው?

ቤይሊ ለዓመታት መዛግብት ካገላበጠ በኋላ የደረሰበት መልስ የሚከተለው ነው። በ1695 ሄንሪ ኤቨሪ የተባለ እንግሊዛዊ የባሕር ወንበዴ ከቀይ ባሕር ወጥቶ ወደ ሱራት፣ ሕንድ፣ ይጓዝ የነበረውን የሙጋሉን ንጉሥ አውረንግዜብ መርከብ አጠቃ። ጋንጅ ኢ ሰዋይ የተባለው ይህ መርከብ ከመካ የሚመለሱ ሑጃጆችን ያሳፈረ ነበር። ወንበዴዎቹ ሀብቱን ብቻ ዘርፈው አልሄዱም፤ ሑጃጆቹን አሠቃዩ፣ ሴቶቹን ደፈሩ። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። ከወንበዴዎቹ ጥቂቶቹ ተይዘው በ1696 ለንደን ላይ ተሰቀሉ፤ አለቃቸው ግን ሳይያዝ ቀረ። ቤይሊ እንደሚለው ከወንበዴዎቹ ከፊሎቹ ዝርፊያቸውን ይዘው አሜሪካ ገብተዋል፤ በዚያ አካባቢ በሌሎች ፈላጊዎች የተገኙት ተመሳሳይ የዐረብ ሳንቲሞችም ይህን ይመሰክራሉ። ከቀይ ባሕር ማዶ፣ ከኛው ጎረቤት የተነሣ ብር ከሦስት ምዕተ ዓመት በኋላ የሑጃጆቹን ጉዳይ አሜሪካ ላይ ቀሰቀሰው። ያ ሰው ሳንቲሙን የት እንዳገኘው ሳይናገር ለሰብሳቢ ቢሸጠው ኖሮ ግን ይህ ታሪክ አብሮ በጠፋ ነበር።

በሸሪዓችን

አሁን ወደ ተማሪዬ ጥያቄ እንምጣ። የፊቅህ መጻሕፍት ከመሬት ላይና ከመሬት ውስጥ የተገኘን ነገር በሁለት ይከፍሉታል። አንደኛው ሉቀጣ ይባላል፤ ከባለቤቱ የጠፋ ነገር ማለት ነው። ቡኻሪና ሙስሊም ከዘይድ ኢብኑ ኻሊድ (ረ.ዐ.) በዘገቡት ሐዲስ ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ያገኘ ሰው መያዣውንና ማሰሪያውን ለይቶ እንዲያውቅ፣ ለአንድ ዓመትም እንዲያስነግር አዝዘዋል፤ ባለቤቱ ከመጣ ይሰጠዋል። ሁለተኛው ሪካዝ ነው፤ ከእስልምና በፊት የነበሩ ሰዎች የቀበሩት ሀብት ሲሆን በሐዲስ መሠረት አንድ አምስተኛው፣ ማለትም ኹሙስ፣ ይወጣበታል። ዑለማእ እንደሚያብራሩት በተገኘው ሳንቲም ላይ የቁርአን አንቀጽ ወይም የሙስሊም ንጉሥ ስም ካለበት ሪካዝ መሆኑ ይቀርና የሉቀጣ ሕግ ይመለከተዋል። (ያ በእንግሊዝ የተቀበረው የሰመርቀንድ ዲርሃም በየትኛው ይመደባል? ለመድረሳ ተማሪዎች መልካም የመወያያ ጥያቄ ነው።) በሻፊዒይ መዝሀብ ደግሞ ሪካዙ የተገኘው በሰው ይዞታ ውስጥ ከሆነና ባለ ይዞታው የኔ ነው ካለ፣ የቆፈረው ሰው ባለ መብት አይሆንም።

ከሁሉ ይበልጥ ለክበቦቹ ጉዳይ የሚቀርበው ግን አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ.) ያስተላለፉት፣ ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት ታሪክ ነው። ከኛ በፊት በነበሩት ሕዝቦች ዘመን አንድ ሰው ከሌላው መሬት ገዝቶ በውስጡ ወርቅ የሞላበት ማሰሮ አገኘ። ወደ ሻጩ ሄዶ፣ የገዛሁት መሬቱን እንጂ ወርቁን አይደለምና ውሰድ አለው። ሻጩም መሬቱን ከነውስጡ ነው የሸጥኩልህ ብሎ እምቢ አለ። ሁለቱ ሲከራከሩ ለዳኝነት ወደ አንድ ሰው ሄዱ። ዳኛው ልጆች እንዳሏቸው ጠየቃቸው፤ አንደኛው ወንድ፣ ሌላው ሴት ልጅ እንዳለው ነገሩት። ልጆቹን እንዲያጋቧቸው፣ ከወርቁም ለነሱ እንዲያወጡና ሶደቃ እንዲሰጡ ፈረደ። ሱብሓነላህ! ሰው ያንተ ነው ለመባባል ፍርድ ቤት የሚሄድበት ክርክር!

የዚህ ተቃራኒ የሆነውን ደግሞ እዚያው እንግሊዝ ውስጥ እናገኛለን። በ2015 ሁለት ፈላጊዎች በሄርፎርድሺር ከመሬት ውስጥ የወርቅ ጌጣጌጥና 300 ያህል እንደሚሆን የተገመተ ጥንታዊ ሳንቲም አግኝተው ደበቁ። በአግባቡ ቢያስታውቁ ከዋጋው ሕጋዊ ድርሻቸውን ባገኙ ነበር። እነሱ ግን በድብቅ ይሸጡት ጀመር። በ2019 አንደኛው የ10 ዓመት፣ ሌላው የ8 ዓመት ተኩል እስር ተፈረደባቸው፤ ኋላም በይግባኝ ተቀነሰላቸው። ከሳንቲሞቹ ወደ እጅ የተመለሰው 30 ያህሉ ብቻ ነው። በነዚህ ጥቂት ሳንቲሞች ላይ የሁለት ነገሥታት ምስል ጎን ለጎን ተቀምጦ ቢታይ በመካከላቸው ስለነበረው ኅብረት የተጻፈው ታሪክ እንደገና ተመረመረ። የቀሩት ምን ይናገሩ እንደነበር ማን ያውቃል? እነዚህ ሰዎች መሣሪያም ችሎታም አላነሳቸውም። ያገኙትን መዳፋቸውን ከፍተው ለጓደኞቻቸው አላሳዩም። ለኔ የክበብ ትልቁ ጥቅም የሚታየኝ በዚህ ነው፤ በሌሊት ብቻውን የሚቆፍር ሰው ነፍሱ የምትለውን የሚሰማ እንጂ የሚመልሰው ጓደኛ የለውም።

በአገራችን ጉዳዩ እንዴት ነው?

በአገራችን ሕጉ ከእንግሊዙ የተለየ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ ቅርስ መፈለግንም ሆነ መቆፈርን ይከለክላል፤ ቤት ሲሠራ ወይም መሬት ሲቆፈር በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰውም ወዲያውኑ እንዲያስታውቅ ያዝዛል። አንዳንድ ወንድሞች «ኹሙሱን አውጥቼ የቀረውን ብወስድ ምን አለበት?» ይላሉ። ዑለማእን መጠየቅ ይበጃል፤ በኔ ግንዛቤ ግን አገር የጋራ ነው ብሎ የደነገገውን፣ ባለ ይዞታውም ያልፈቀደውን ነገር በኹሙስ ስም ማጥራት አይቻልም። «ሀብቱን ጂን ይጠብቀዋል፣ እኔ አስለቅቅላችኋለሁ» እያለ ገንዘብ የሚሰበስበውን ጠንቋይማ መጠየቅም፣ መስማትም አያስፈልግም።

ጉዳዩ ከሌላው ይልቅ የሚመለከተን እኛን ነው። በድሬዳዋና በሐረር መካከል የምትገኘውን ሐርላን እንመልከት። የአካባቢው ሰዎች ከፍርስራሹ ድንጋዮች ትልቅነት የተነሣ ጥንት ግዙፍ ሰዎች ይኖሩባት ነበር ይሉ ነበር። የእንግሊዙ ኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ቲሞቲ ኢንሶል ከአገራችን የቅርስ መሥሪያ ቤት ጋር ባካሄዱት ቁፋሮ የ12ኛው ምዕተ ዓመት መስጊድ፣ የ13ኛው ምዕተ ዓመት የግብፅ ሳንቲም፣ የቻይና ሸክላ፣ ከሕንድ ውቅያኖስ የመጣ ዛጎልና የብርጭቆ ጨሌ መገኘቱ በ2017 ተገልጿል። ያ የግብፅ ሳንቲም ለብቻው ተነቅሎ ገበያ ቢወጣ ተራ ብረት ነው። በነበረበት አፈር ውስጥ፣ ከሸክላውና ከዛጎሉ ጎን ሲገኝ ግን አባቶቻችን ከካይሮ እስከ ቻይና በተዘረጋው ንግድ ውስጥ እንደነበሩ የሚመሰክር ሰነድ ይሆናል። አንድ ወጣት መሣሪያውን ይዞ አንድ ሌሊት እንዲህ ባለ ስፍራ ቢያድር፣ የወሰደው ምናልባት ሦስት ሳንቲም ይሆናል፤ ያፈረሰው ግን ማንም ሊመልሰው የማይችለውን ምዕራፍ ነው።

እርሻ ስታርሱ ወይም መሠረት ስትቆፍሩ የቆየ ሳንቲም፣ ሸክላ ወይም ጽሑፍ ያለበት ድንጋይ ብታገኙ ቁፋሮውን አቁሙ። ሳንቲሙን በአሸዋም ሆነ በሎሚ አትፈትጉት፤ አረንጓዴው ዝገት ሲነሣ ጽሑፉም አብሮ ይነሣል። የተገኘበትን ቦታ ምልክት አድርጉበት፤ በስንት ክንድ ጥልቀት፣ ከምን ነገር ጋር እንደተገኘ ጻፉ፤ ከዚያም ለቀበሌውና ለወረዳው ባህል ቢሮ አስታውቁ።

ክበቡስ? ያለ መሣሪያም ክበብ ማቋቋም ይቻላል። በየትምህርት ቤቱና በየመድረሳው የታሪክ ክበብ ቢኖረን ወጣቶቻችን የሚሠሩት ሥራ ሞልቷል። የጥንት መስጊዶችን ስምና የሠሩትን ሰዎች ከሽማግሌዎች ጠይቆ መጻፍ፣ በየቤቱ ያሉትን የእጅ ጽሑፍ ኪታቦች መመዝገብ ይቻላል። ሐረር የሄደ ደግሞ ሸሪፍ የሐረር ከተማ ሙዚየምን ይጎብኝ፤ በራስ ተፈሪ ቤት ውስጥ የሚገኘው ይህ ሙዚየም ሸሪፍ ዓብዱላሂ የተባሉ የከተማዋ ተወላጅ ለዓመታት ከሰበሰቧቸው ሳንቲሞች፣ ኪታቦችና አልባሳት የተነሣ ነው። ሐረር የራሷን ሳንቲም ትመታ እንደነበር ስንት ተማሪ ያውቃል?

ለመጀመር ቀላሉ ሥራ በየመቃብር ስፍራው ያሉትን የዐረብኛ ጽሑፍ ያለባቸውን የቆዩ ድንጋዮች ማንበብና መቅዳት ነው። አንዱ ያነባል፣ አንዱ ይጽፋል፣ አንዱ ፎቶ ያነሣል። ጽሑፉ እንዲታይ ብሎ ድንጋዩን በኖራ መቀባት ወይም በብረት መፋቅ አያስፈልግም፤ በማለዳ ወይም ከዐስር በኋላ ፀሐይ በጎኑ ስትመታው ፊደሉ በራሱ ጎልቶ ይወጣል።